የእግር ጥፍር መንጠቂያ

አርዙላ ቬልማን በሩ ላይ ስታያት ደሟ ፈላ። ቬልማ የወንድሟ ሚስት ናት። የአርዙላና የወንድሟ እናት ማማ ሎሬኒ በዚህች ሴትዮ ቤት ክረምቱን ታማ ተኝታ ስትሞት ለአርዙላ የደወለላት ሰው አልነበረም። ያኔ ሞንትጎመሪ ከተማ ትሠራ የነበረችው አርዙላ የደረሰችው ለቀብር ብቻ ነው።

አሁን ማማ በእጇ ከእራፊ ገጣጥማ የተወችው የብርድ ልብስ የላይ ፊት፣ ከሥሩ ጥጥና ገበር ተነጥፎለት፣ በአርዙላ ሳሎን ውስጥ በእንጨት ተወጥሯል። የአባታቸው የሥራ ሱሪ፣ የዱቄት ከረጢት፣ የማማ የቤተ ክርስቲያን ቀሚስ፣ ሁሉም እራፊ ሆኖ አለበት። የቀረው ሦስቱን ድርብ አንድ ላይ ሰፍቶ መጨረስ ነው። አርዙላ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የቬልማ መርፌ እንዳይነካው።

ምን ያደርጋል! በዚያ የአላባማ ወንዝ ዳር መንደር ብርድ ልብስ ከተወጠረ ወዲያ አብራ ልትሰፋ የመጣችን ሴት ሂጂ ማለት ነውር ነው። ቬልማም ይህን አሳምራ ታውቃለች። ከጎረቤቲቱ ከሚስ ፐርሊ አጠገብ ወንበር ስባ ቁጭ አለች።

«እንደምን ዋልሽ፣ አርዙላ?»

«ይኸው እንደምታይኝ።»

የቬልማ ስፌት ደግሞ ስፌት አይባልም። እንዲህ የተንዘላዘለውን እዚያ «የእግር ጥፍር መንጠቂያ» ይሉታል፤ ሌሊት ሲገላበጡ ጥፍር ይገባበታላ። የሰፋችውን ሴት ግን ፊት ለፊት አይናገሯትም። አብልተው፣ አመስግነው ይሸኟትና ስትሄድ ተርትረው እንደገና ይሰፉታል። አርዙላም እስክትሄድ ልትታገሥ ነበር። አልቻለችም። መቀሱን አነሳችና ቬልማ ዓይኗ እያየ ክሩን ትርትር አደረገችው።

የሚስ ፐርሊ መርፌ ባለበት ቀረ። «ኧረ በእግዜር፣ አርዙላ፣ ምን ነካሽ?»

«ምን ይነካኛል? የእናቴን መታመም ደብቃኝ መክረሟ አንሶ ብርድ ልብሷንም ታበላሽብኝ?»

ቬልማ አልተነሳችም። «ማማም ትተረትረው ነበር» አለች። «መጨረሻ ላይ እጇ መርፌ መያዝ እምቢ አላት። መተርተር ግን ትችል ነበር። እራፊ ጨርቅ ሆን ብዬ አበላሽቼ እሰፋላታለሁ፤ እሷ ስትተረትር፣ ስትሰድበኝ ትውላለች። አርዙላ እያለች።»

«ማን እያለች?»

«አንቺን መስዬአት ነበር። አንድ ቀን አይደለሁም ብላት፣ ልጄን የት አደረስሽብኝ ብላ ስታለቅስ አደረች። ከዚያ ወዲያ አቤት ማማ ማለት ለመድኩ። አንቺ መጥተሽ ይህቺ ማናት ብትልሽስ? ፈራሁ። ልደውል እያልኩ ሞት ቀደመኝ።»

አርዙላ አንጀቷ አልራራም። ጭራሽ ባሰባት። እሷ ሞንትጎመሪ ሆቴል ውስጥ የሰው አንሶላ ስታጥፍ፣ እናቷ እዚህ ስሟን እየጠራች ስትቆጣት ከርማለች፤ ቁጣውን የጠገበችው ግን ሌላ ሴት ናት።

«ስድቤን እንኳ ወሰድሽብኝ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«በይ መልሺልኝ። ምን አለችኝ? አንዲት ቃል እንዳትቀንሺ።»

ቬልማ ሚስ ፐርሊን አየች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«‹አንቺ ቀልበ ቢስ› አለች። ‹እንዲህ እየተንቀዠቀዥሽ ሰፍተሽ ማንን ልታሞቂ ነው? እኔ ስሄድ ማን ይተረትርልሻል?›»

አርዙላ መቀሱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ሌላስ?» አለች።