ጋሽ ይሄነው የዘለሏት ጷጉሜ

በ2009 ክረምት፣ ዳንግላ እናቴ ጋ ሰንብቼ እንጅባራ ቢሯችን ስገባ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያሉት ቴስቶች በሙሉ አረንጓዴ ሆነው ጠበቁኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ክፉኛ ጠረጠርኩ። ቴስት የምንለው የአንዳችን ኮድ የሌላውን ሥራ እንዳያበላሽ ኮምፒውተሩ ራሱ የሚያርመው ፈተና ነው። ካለፈ አረንጓዴ፣ ከወደቀ ቀይ ይሆናል። ጋሽ ይሄነው አዲስ ኮድ ባስገቡ ሳምንት ደግሞ ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ አያውቅም።

ጋሽ ይሄነው የሁላችንም የሂሳብ መምህር ነበሩ። ጡረታ ወጡ፤ ትንሽ ቆይቶ ባለቤታቸው እትዬ ዘውድነሽ ሲያርፉ ቤት ዘግተው ተቀመጡ። ጎትታ ያመጣቻቸው የሥራ ባልደረባዬ እመቤት ናት። ለጤና ጣቢያዎች፣ የልጆች ክትባት ሲደርስ ለእናቶች በስልክ መልእክት የሚልክ ፕሮግራም እየሠራን ስለነበር የቀኑን ስሌት ለእሳቸው ሰጠናቸው። ኮድ መጻፍ ከስድሳ ዓመት በኋላ ተማሩ። ጺማቸውን መላጨት ጀመሩ፤ ከእኛ ቀድመው ቢሮ ይገባሉ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ የእንጅባራን ዝናብ ይራገማሉ። እኚህን ሰው መልሶ ቤት የሚያስቀምጥ ነገር እንዲመጣ ማናችንም አንፈልግም።

ቴስቶቹን ከፈትኩ። ነሐሴ 28 የመጣች እናት ከአሥር ቀን በኋላ ብትቀጠር መስከረም 3 ይሆናል ብዬ በገዛ እጄ የጻፍኩት አሁን መስከረም 8 ይላል። ጋሽ ይሄነው ጷጉሜን ዘልለዋታል። ዕድሜውን ሙሉ የመንግሥት ሠራተኛ ለነበረ ሰው፣ ደመወዝ የሌለባት ወር ብትረሳው አይፈረድበትም። የገረመኝስ ምንይችል ነው። ጎበዝ የሚባለው ፕሮግራመራችን ስሌቱን በማረም ፈንታ የእኔን ቴስት ከስህተቱ ጋር አስማምቶ አሳልፎታል።

ብጠይቀው፣ እሳቸውን ተሳስተዋል ማለት ይሉኝታ እንደያዘው ነገረኝ። ለካ እመቤትም ሌሎቹን ቴስቶች ዘግታቸው ኖሯል። ፕሮግራሙ የፊታችን ሰኞ ጤና ጣቢያ ይገባል። እናትየዋ ቀኑ ካለፈ በኋላ ልትጠራ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ይሉኝታ ይዟቸዋል! ደሜ ፈላ። ማንንም ሳላማክር ቴስቶቹን ወደነበሩበት መለስኳቸውና ስክሪኑ በቀይ ተሞላ።

ይኼኔ ጋሽ ይሄነው ጃንጥላቸውን እያራገፉ ገቡ። ምንይችል ስክሪኑን ሊያጠፋ ተንደረደረ፤ እጁን ያዝኩት።

"ጋሼ፣ የእርስዎ ስሌት ነው። ጷጉሜን ረስተዋል" አልኳቸው።

ወጥተው ይቀራሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ቀዩን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ከዚያም እስከ ትናንት አረንጓዴ የነበረው ዛሬ ምን ሆኖ ነው ብለው ጠየቁ። ሁሉንም ነገርኳቸው። እመቤት መሬት መሬት ታያለች።

"ዘውድነሽ ከሞተች ወዲህ ሰው ሁሉ ልክ ነዎት ይለኛል" አሉ ቀስ ብለው። "ለቅሶ ላይ ያለ ሰው እንደሚባበለው። እሷ ነበረች ተሳስተሃል የምትለኝ። እናንተም እንደ ሌላው ሆናችሁ ማለት ነው።"

ወንበራቸውን ሳቡና መጻፍ ጀመሩ። ምሳ እንብላ ብንላቸው አልሰሙንም። ጨረስኩ ሲሉ ቴስቶቹን አስኬድኳቸው። ከአንዱ በስተቀር ሁሉም አረንጓዴ ሆኑ። አሁን ደግሞ ጷጉሜ ስድስት ቀን የምትሆንበትን ዓመት ረስተዋል። ምንይችል ዝም እንድል በዓይኑ ለመነኝ።

"አሁንም ተሳስተዋል፣ ጋሼ።"

ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉና፣ "እስቲ ድገሚልኝ" አሉኝ።