ፈገግታ አልወልቅ ያላት ነርስ

ፍንጭቷ ነርስ ፈገግታዋን የተማረችው በቀድሞ ሆስፒታሏ ነው። እዚያ የነበረው አለቃ ‹‹ነርስ ፊቷ ሲጠቁር በሽተኛ ይብስበታል›› ባይ ስለነበር፣ እየተሰደበችም፣ ምሳ እያመለጣትም ፈገግ ትል ነበር። ‹‹ምነው፣ ከፋሽ እንዴ?›› ያላት ግን አንድም ሰው የለም። ፈገግታው ከአንገት በላይ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ቦታውን ለመደና አልነሳም አለ።

የአዲሱን ሆስፒታል ኃላፊ ነርሶቹ በሌለችበት ‹‹እሜቴ›› ይሏታል። እሜቴ አንሶላ ከተጨማደደ አገር የተደፈረ ይመስላታል።

ያን ቀን ጠዋት የመስኮት ዳሩ ሽማግሌ አረፉ። ‹‹አንቺ ልጅ፣ ጥርስሽን ብርድ እንዳይመታው›› እያሉ ፍንጭቷን የሚያበሽቋት ሰው ነበሩ፤ ነፍሷ ነበሩ። ሴት ልጃቸው የታጠበ ፒጃማ ይዛ ስትመጣ ኮሪደሩ ላይ የተቀበለቻትም እሷው ናት።

‹‹እህቴ፣ ነይ እስቲ ቁጭ በይ›› አለቻት። ፊቷ ግን እንደ ልማዱ ፈገግ ብሏል።

‹‹ተሻለው አይደል? ገና ሳይሽ አወቅኩ!›› ብላ ልጅቷ አቅፋ ሳመቻት።

ፍንጭቷ ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ‹‹አይደለም እህቴ... አባትሽ አርፈዋል።››

ልጅቷ እሪ ስትል ሌሎቹ ነርሶች ሮጠው ደገፏት። ፍንጭቷ በቀጥታ እሜቴ ቢሮ ገባች።

‹‹ሲስተር፣ ሥራውን ልተው። ልቤ ደርቋል። ሞት እያረዳሁ የምስቅ ሰው ምኑን ነርስ ሆንኩት?›› ይህንንም የተናገረችው በፈገግታ ነው።

እሜቴ ትቆጣለች ብላ ስትጠብቅ፣ እጇን ይዛ ወደ አንሶላ ክፍሉ ወሰደቻት። በዚህ ሆስፒታል የከፋው ነርስ እዚያ ይገባል፤ ሰው እንዳይገባበት የበሩ እጀታ ላይ ፎጣ ይንጠለጠላል፤ አልጋዎቹን ሌላ ሰው ይረከብለታል። ፍንጭቷ ግን የሰነፎች መደበቂያ መስሏት ገብታበት አታውቅም።

‹‹ልቡ የደረቀ ሰው ደረቀ ብሎ ለመናገር አይሮጥም›› አለቻት እሜቴ። ‹‹አልጋዎችሽን እኔ ይዣለሁ። እዚህ የሚያይሽ የለም፣ ፊትሽን አሳርፊው።››

በሩ ተዘጋ። ፍንጭቷ መጀመሪያ ለአንሶላዎቹ ፈገግ አለችላቸው። ከዚያ የእሜቴ ድምፅ ከውጭ ተሰማ፦ ‹‹ክንድዎን ይስጡኝ እንጂ አባቴ፣ ልሰርቅዎት ነው?››

‹‹ፍንጭቷን ጥሩልኝ! አንቺ ትወጊያለሽ ወይስ ትቆፍሪያለሽ?›› አሏት ሌላ አዛውንት በሽተኛ።

ፍንጭቷ ከልቧ ሳቀች። ሳቁ መሀል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ አንድ የትራስ ልብስ እስኪርስ አለቀሰች።

ስትወጣ ዓይኗ አብጦ ነበር። ልጅቷ ኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ ፒጃማውን አቅፋ ዘመድ ትጠብቃለች። ፍንጭቷ አጠገቧ ተቀመጠች።

‹‹ይቅርታ እህቴ። ፊቴ ነው እንጂ እኔ አልሳቅኩም።››

ልጅቷ ያበጠውን ዓይን አየችው። ‹‹አባዬ... ብቻውን ነበር?››

‹‹ኧረ አልነበሩም። እጃቸውን ይዤ ነበር።››

‹‹በየትኛው እጅሽ?››

ፍንጭቷ ቀኝ እጇን ዘረጋች። ልጅቷ በሁለት እጇ ተቀብላ ጉንጯ ላይ አደረገችው፤ አለቀቀችውም።