ሳይጸዳ የተፈተሸው አድራሻ

የእህቴን ባል እኔ የምሠራበት የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ክፍል እኔው ራሴ ነኝ ያስቀጠርኩት፤ እጄን በቆረጠው! ሰኞ ጠዋት የሥራ አስኪያጃችን የራጅ ምስል በሠራተኛው ስልክ ሁሉ ሲዞር ዋለ። ሳንባው ላይ ጠባሳ እንዳለበት ሚስቱ እንኳን አታውቅም ነበር። መጀመሪያ ያሳየን እንግዳ ተቀባዩ ነው፤ ወሬ ስለማያድርበት "ሬዲዮ" የምንለው። "ተልኮልኝ ነው" አለ።

"እስከ ሐሙስ ያወጣውን ሰው ስም ታመጪልኛለሽ" አለኝ አስኪያጁ። "ማንም ይሁን ይባረራል።"

የሠራተኞች ራጅ፣ ምስል ሁሉ በሚቀመጥበት ዋና ኮምፒውተር፣ በሰርቨሩ ላይ፣ ለብቻው ፎልደር አለው። የይለፍ ቃሉን የምናውቀው እኔና አማቼ ብቻ ነን። እኔ አላደረግኩትም። ታዲያ ማን ቀረ?

እህቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ይህን እያወቅኩ ጠረጠርኩት። አጠገቡ ስደርስ ስክሪኑን ቶሎ ይቀይራል፤ ስልክ ሲደወልለት ደረጃው ላይ ወጥቶ ያወራል። ሻይ ሲያማስል እንኳን የሆነ ነገር የሚደብቅ ይመስለኝ ጀመር።

ረቡዕ አላስችል አለኝ። "ምንድን ነው የምትደብቀኝ?"

"ምንም፣ እትዬ።" ላብ በላብ ሆነ። "አንድ ነገር ልነግርዎት ነበር፣ ግን... ይቅር።"

ይቅር? በቃ፣ ተያዘ አልኩ በልቤ።

ሐሙስ ስሙን ሰጠሁ። አስኪያጁ "ማስረጃውን አትመሽ አምጪ፣ እኔ ደብዳቤውን ላስጽፍ" አለ። ጠረጴዛዬ ጋ ተመልሼ ሰርቨሩ ማን ምን እንደጠየቀ የሚጽፍበትን መዝገብ ከፈትኩ። የአማቼ ስም የለም። ያለው እሑድ ከእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር፣ በሬዲዮ ስም፣ ለታካሚ ምስል በሚከፈተው፣ የሠራተኞችን የይለፍ ቃል በማይጠይቀው ተራ ገጽ በኩል የገባ አንድ መስመር ነው፦

ታካሚ/../ሠራተኛ/አስኪያጅ

ሁለቱ ነጥቦች "አንድ ፎልደር ወደ ኋላ ተመለስ" ማለት ናቸው። አድራሻው ሲጸዳ፣ ማለትም ነጥቦቹ ተፈትተው ሲወጡ፣ "ታካሚ" ይጠፋና "ሠራተኛ" ብቻ ይቀራል። ይሄን የሚፈትሽ ኮድ አለን እኮ! ከፈትኩት። ኮዱ አድራሻው በ"ታካሚ" መጀመሩን ያያል፣ ያሳልፋል፣ ከዚያ በኋላ ያጸዳዋል። በር ላይ ፈትሾ ካስገባ በኋላ ካፖርት እንደሚያስወልቅ ዘበኛ። የትኛው ደንቆሮ ነው የጻፈው ብዬ ጸሐፊውን ፈለግኩ።

እኔ ነኝ።

ከሥሩ የሁለት ወር ዕድሜ ያለው አስተያየት አለ፣ የአማቼ፦ "እትዬ፣ መጀመሪያ ቢጸዳና ከዚያ ቢፈተሽ አይሻልም?" ከሱ በታች የእኔ መልስ፦ "ትናንት መጥተህ ዛሬ ልታስተምረኝ ነው? ሥራህን ሥራ!" ዘግቼዋለሁ። እንደጻፍኩት እንኳን ረስቼዋለሁ። አፈርኩ፤ እውነቱን ለመናገር ከማፈሬ በፊት ግን ልሰርዘው አስቤ ነበር።

ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት።

"እታለም፣ ባሌ አስኪያጁ አስጠራኝ ብሎ ደወለልኝ። ምን ተፈጠረ? ሰሞኑን እኮ እንቅልፍ የለውም። 'እትዬ ጋ ስህተት አለ፣ ብነግራት ትቆጣኛለች' እያለ..."

መዝገቡንና አስተያየቱን አትሜ ሮጥኩ። አማቼ አስኪያጁ ፊት ቆሟል፤ ደብዳቤው ጠረጴዛው ላይ ነው።

"ይቅደዱት" አልኩ። "ምስሉን ያወጣው ሬዲዮ ነው። በሩን የከፈትኩለት ደግሞ እኔ ነኝ። ይሄ ልጅ ከሁለት ወር በፊት ነግሮኝ አፉን አስይዤዋለሁ።"

አስኪያጁ ያተምኩትን ወረቀት ሁለቴ አነበበው። "ስለ አንቺ ነገ እንነጋገራለን" አለ። "አሁን ቀዳዳው ይደፈን። ስንት ቀን ይፈጃል?"

አማቼ ቀና ሳይል መለሰ፦

"ሰኞ ዕለት ጨርሼዋለሁ። ሰርቨሩ ላይ ያላስገባሁት ያለ እትዬ ፈቃድ አይሆንም ብዬ ነው።"