የጡሩምባ ጉሮሮና ሦስቱ ፎቶዎች

ወንድሜ ጨረታ አጫራች ነው። ስሙን የሚጠራው የለም፤ ጡሩምባ ነው የሚሉት። እኔ ታላቅ እህቱ ነኝ፤ ዕድሜ ልኩን ያንን ጩኸት የቻለ ጆሮዬ ካሳ ይገባው ነበር። ካንሰር ተብዬው ደግሞ ስንት ሰውነት እያለለት ሄዶ ምላሱ ሥር ተወሸቀ!

ከጨረር ሕክምናው በፊት ዶክተሮቹ የዕጢውን ዳር ዳር ስክሪን ላይ በመስመር ይከባሉ። ጨረሩ የሚመታው መስመሩ ውስጥ ያለውን ነው። ለዚህ ሦስት ዓይነት ፎቶ አነሱት። ለሴት ማማለያ ያስተከለው የወርቅ ጥርስ ሲቲ ስካኑን በጭረት ሞላው። ኤምአርአዩ ሥጋውን ጥርት አድርጎ አሳየ። ፔት የሚሉት ደግሞ ስኳር ያለበት መድኃኒት ተወግተው፣ አንድ ሰዓት ጠብቀው የሚነሱት ነው፤ ካንሰር ስኳር ይወዳል፣ ስኳሩን የበላ ቦታ ሁሉ ያበራል።

ተጠርተን ስንሄድ ሁለቱ ዶክተሮች፣ አንዲት ወጣትና አንድ ሽማግሌ፣ ስክሪኑ ፊት ተፋጠዋል።

«በኤምአርአዩ ዕጢው እዚህ ጋ ያበቃል» አለች ወጣቷ።

ሽማግሌው ዶክተር ፔቱን አሳዩ። «ይሄስ? የድምፅ አውታሩ ቦግ ብሏል። ካንሰር ሆኖ ብንተወውስ? መስመሩ ውስጥ ይግባ።»

«ከገባ ድምፄስ?» አለ ወንድሜ።

«ሊሻክር ይችላል። ሊጠፋም ይችላል» አሉት ሽማግሌው።

ጡሩምባ ጉሮሮውን በእጁ ያዘ።

ወጣቷ ዶክተር ፊቱን አየት አደረገችው። «ከመርፌው በኋላ አውርተው ነበር እንዴ? ሰው ሲያወራ የድምፁ ጡንቻ ስኳሩን ይበላዋል። አይናገሩ የተባሉት ለዚህ ነው።»

«ኧረ ትንፍሽ አላልኩም!» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

«ውሸታም!» አልኩት። «እኔ ኮሪደሩ ላይ አልነበርኩም? በር ተዘግቶበት፣ ሰው በሌለበት ክፍል፣ የተኛበትን አልጋ ሲያጫርት ነበር! መጨረሻ ላይ ለራሱ ሸጠው!»

ሽማግሌው ዶክተር ሳያስቡት ሳቁ። ወንድሜ ግን መሬት መሬቱን እያየ፣ «የመጨረሻዬ ከሆነ ብዬ ነው፣ እትዬ» አለኝ።

ፔቱ ይደገም ተባለ። «ቃል ከአፍህ ቢወጣ፣ ካንሰሩን ቀድሜ የምገድልህ እኔ ነኝ» ብዬ አስገባሁትና በሩ ላይ ጆሮዬን ለጥፌ ተቀመጥኩ። ምንም የለም። ሳል እንኳ የለም። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ቆይቶ ግን ጨነቀኝ። ስንት ዘመን አፍህን ዝጋ ስለው የኖርኩት ሴትዮ፣ ይኸው ዘጋልኝ። በሩን በርግጄ ልገባ ምንም አልቀረኝም።

በአዲሱ ፎቶ የድምፅ አውታሩ ጨልሟል፤ የሚያበራው ምላሱ ሥር ያለው ብቻ ነው። ሽማግሌው ዶክተር መስመራቸውን አጥፍተው በወጣቷ ልክ አሰመሩት። «ድምፅህ ከመስመሩ ውጭ ነው» አሉት።

ወንድሜ ተነሳ። ጉሮሮውን ጠረገና እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።

«ምላሷ የተሳለ፣ ወንድሟን የምታሳጣ፣ ጥርሷ ያልተነቃነቀ እህት! ስንት ልበል? አንድ ጊዜ! ሁለት ጊዜ! የለም? እንግዲህ እጄ ላይ ቀረች!»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በጫማዬ ነበር የምለው። እንባዬን በመዳፌ ጠረግኩና፣ «ጮክ በል እንጂ!» አልኩት። «ኮሪደር ያሉት አልሰሙም።»