የአማቷ ስም

ኤርፖርቱ ማዞሪያ ላይ ሻንጣው ለስድስተኛ ጊዜ ዞሮ መጣ፤ ባለቤቱ ግን የሉም። አሰለፈች ጎትታ አወረደችው። አረንጓዴ ገመድ ተጠምጥሞበታል፤ የአማቷ ለመሆኑ ጥርጥር የለውም።

«ሻንጣቸው አለ፣ እሳቸው የሉም!» አለች በስልክ።

ባሏ ባርናባስ ከፎርት ዎርዝ እየነዳ ነው። «ኧረ ትራፊኩ አላንቀሳቅስ ብሎኛል። በማይክ አስጠሪያቸዋ!»

«በእንግሊዝኛ ተጠሩ። ምኑን ይሰሙታል?»

«ራስሽ ጥሪያቸው ታዲያ።»

«እኔ?»

አሰለፈች ዱራሜ ተወልዳ ያደገች ከምባታ ናት። እዚያ ያገባች ሴት የአማቷን ስም በአፏ አታነሳም፤ ባሊሻ ይሉታል። ወንዱ እንዳሻው ይጠራል። በአሥራ አንድ ዓመት ትዳሯ፣ የቪዛቸውን ፎርም ስትሞላ እንኳ ስማቸውን ጻፈችው እንጂ አልጠራችውም። የሚያስቀው ደግሞ ሥራዋ ነው፤ እዚሁ ኤርፖርት ዊልቼር የምትገፋ፣ ቀኑን ሙሉ የማታውቀውን መንገደኛ ስም ስትጣራ የምትውል ሴት ናት። እኛም ብንሆን እሷ እስክትደፍር ድረስ የሰውየውን ስም አናነሳም።

ግን ሽማግሌው ስኳር አለባቸው፤ ስልክም አልያዙም። ከአውሮፕላን ከወረዱ አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው። አሰለፈች ከልቧ ፈራች።

የመረጃ ጠረጴዛዋ ሠራተኛ ስለምታውቃት ማይኩን ሰጠቻት። ስልኩን ወደ ማይኩ አስጠግታ ባሏ እንዲጠራቸው ለማድረግ ብትሞክር ግን ሴትዮዋ ጣቷን ወዘወዘችባት፤ ስልክ ክልክል ነው። አሰለፈች በልጇ ስም ለማምለጥ ሞከረች።

«የሀሴት አያት፣ እባክዎ ሻንጣ መረከቢያው ጋ ይምጡ!»

ወዲያው አንድ አዛውንት ጋሪ እየገፉ ከች አሉ። አማቷ አይደሉም።

«አቤት ልጄ! ሀሴት መጣች?»

«የእርስዎም ሀሴት ናት?»

«የበኩር ልጄ ልጅ ናት። ፕሌኖ ነው ያሉት።»

አሰለፈች ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ። ዓይኗን ጨፈነች።

«አቶ ስምዖን!» ድምጿ አዳራሹን ሞላው። አንዴ ከደፈረች አይቀር የአባታቸውንም ጨመረች፤ «አቶ ስምዖን ሃንዲሶ!»

ከወዲያኛው ጥግ ባርኔጣ ያደረጉ ረጅም ሽማግሌ እየተጣደፉ መጡ። እሳቸው ናቸው። አሰለፈች ሮጣ ጉልበታቸውን ሳመች።

«ቅድም የሀሴት አያት ሲባል አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ብድግ አለ። ለእሱ መስሎኝ እዚያው እናንተን እየጠበቅኩ ተቀመጥኩ» አሉ። ከዚያ ዙሪያቸውን ቃኙ። «አሁን በስሜ የጠራኝ ማን ነው? የሴት ድምፅ ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ አባባ። ጨንቆኝ ነው» አለች፣ መሬት መሬቱን እያየች።

አማቷ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ሚስቴ ስሜን ሳትጠራ ነው የሞተችው። ምራቶቼም ያው ናቸው። ከሴት አፍ ስሜን የሰማሁት እናቴ በሕይወት ሳለች ነበር።» ከዚያ ሳቁ። «አሁን ደንግጬ ስነሣ እኮ፣ እናቴ የጠራችኝ ነው የመሰለኝ!»

አሰለፈች ቀና አለች። «አባባ» ብላ ብቻ ብትተወው ማንም አይወቅሳትም ነበር። ሻንጣቸውን አነሳችና ዓይናቸውን እያየች፣

«በሉ አባባ ስምዖን፣ ርቦዎታል፤ እንሂድ» አለቻቸው።