የክፍል 811 ሻይ

ሐካታ ከተማ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ያለው ሆቴል እንደገባን ባሌ ቶኩጂ መጀመሪያ ያየው ወለሉን ነው። አርባ ስድስት ዓመት ሙሉ ታታሚ፣ ያንን የሣር ምንጣፍ፣ ሲሰፋ የኖረ ሰው ስለሆነ የትም ቢገባ ዓይኑ መሬት ላይ ነው።

«ሞኬት» አለ፣ ፊቱን አጨማዶ።

«ታዲያ ምን ጠብቀህ ነበር? ቤተ መንግሥት የጠሩህ መሰለህ?» አልኩት።

በየከተማው ቅርንጫፍ ያለው ሆቴል ነው። አንዱን ያየ ሁሉንም አይቷል፦ እንደ ሬሳ ሣጥን የጠበበ መታጠቢያ፣ አልጋው ላይ የታጠፈ የሌሊት ልብስ፣ በር ሥር ሁለት ጥንድ ስሊፐር፣ ጠረጴዛው ላይ ውኃ ማፍያና ሁለት ሲኒ። ክፍላችን 811 ነበር። ሦስት ሌሊት ያዝን። ለጎረቤት ሁሉ «ሐካታን ልንጎበኝ ነው» ብለን ነው ከቤት የወጣነው። ለሽርሽር እንደሚሄድ ሰው ኮፍያ ሁሉ ገዝቼለት ነበር።

ጉብኝት ብሎ ነገር የለም። ቶኩጂ ቆሽቱ ላይ ካንሰር ነበረበት። ሐኪሙ «በረዶ እስኪጥል ላይቆዩ ይችላሉ» ብሎ የነገረን በግንቦት ነው፤ እኛ ሐካታ የገባነው በሰኔ። አንድ ልጃችን ያሱኪ እዚያ ነው የሚኖረው። ስምንት ዓመት አላየነውም። ቶኩጂ ሳይሞት ልጁን አንድ ጊዜ ማየት ፈልጓል። እንዲህ ብሎ ግን አልተናገረም፤ ቢናገር አፉ ይቆረጣል? ያለው «ሐካታን አይቼው አላውቅም» ብቻ ነው። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ስለኖርኩ ቀሪውን እኔ ሞላሁት።

የተጣሉት በአያትየው ሙት ዓመት ላይ ነው። ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት ያሱኪ ተነሥቶ «ታታሚ የሚገዛ የለም፤ ይህን ሥራ አልወርስም» አለ። ቶኩጂ «እንግዲያው ይህን ቤት እንዳትረግጥ» አለው። ልጁም ሲወጣ ሆን ብሎ የታታሚውን ጥልፍ ጠርዝ በእግሩ ረገጠው። በእኛ ቤት ሕፃን እንኳ ጠርዝ አይረግጥም። ቶኩጂ ፊቱን የተረገጠ ያህል ነው የቆጠረው። ልጁ በነጋታው ሄደ።

ከመምጣታችን በፊት ደብዳቤ ጻፍኩለት። ቀኑን፣ የሆቴሉን ስም፣ የክፍሉን ዓይነት ሳይቀር ጻፍኩ። ስለ በሽታው ልጽፍ ስል ቶኩጂ ብዕሬን ያዘው።

«በሽታዬ ጎትቶ የሚያመጣውን ልጅ አልፈልግም። ከመጣ በእግሩ ይምጣ» አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ይህ ትዕቢት መቃብርህ ድረስ ሊከተልህ ነው?»

«አዎ» አለ። ምን ትለዋለህ እንዲህ ያለውን!

ስለዚህ መጨረሻ ላይ ሁላችንም የምንጽፈውን ጻፍኩ፦ «ሥራ እንደሚበዛብህ እናውቃለንና እባክህ ስለ እኛ ብለህ አትቸገር።» ና ማለቴ ነው። በእኛ አገር፣ ሾናይ፣ እንግዳ «ግባ» ሲሉት «አይ፣ አልገባም» ይላል። ሁለተኛም «አይ፣ አላስቸግር» ይላል። በሦስተኛው ጫማውን ያወልቃል። ያሱኪ ይህን ከጡቴ ጋር የጠባው ነገር ነው፣ አይስተውም ብዬ አመንኩ።

በመጀመሪያው ቀን ቶኩጂ ጢሙን ሁለቴ ተላጨ። የሆቴሉን የሌሊት ልብስ አልለብስም ብሎ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ስልኩ አጠገብ፣ እንቁላል እንደታቀፈች ዶሮ ተቀመጠ።

«ጎብኚ ነህ አይደል? ቢያንስ በመስኮት እይ» አልኩት።

«አይቻለሁ። ሌላ ሆቴል ነው።»

በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ። ቁርስ ወርደን ሁለት ማንኪያ ሩዝ ቀምሶ ተመለሰ። «ወንዙን እንኳ እንይ» ስለው «እግሬን አሞኛል» ይላል። እግሩን አላመመውም። ስልኩ ቢደውልና ሳይሰማ ቢቀር ብሎ ነው። እኔም ይህን እያወቅሁ እነጫነጭበታለሁ፤ ዝም ካልኩ ማልቀሴ ነው። ስልኩ አልጮኸም።

ሦስተኛው ቀን የመጨረሻችን ነበር። ከሰዓት በኋላ የቆሸሸ ልብስ ይዤ ሁለተኛ ፎቅ፣ ማጠቢያ ማሽኑ ወዳለበት ወረድኩ። ሁለቱም ማሽን ተይዞ ነበር። ቆሜ ጠበቅሁ፤ አጠብኩ፤ አደረቅሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ሳይፈጅብኝ አልቀረም።

ስመለስ የክፍላችን በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። እንዳይዘጋ የቶኩጂ ጫማ ሥሩ ተወትፏል። እሱ ባዶ እግሩን ሞኬቱ ላይ ቆሟል። የእሱ ስሊፐር በሩ ሥር፣ አፍንጫው ወደ ውስጥ ዞሮ፣ ተስተካክሎ ተቀምጧል።

«ምን ሆነሃል? የአላፊ አግዳሚ መዝናኛ ልታደርገን ነው?» አልኩት።

«ሙቀት ነው» አለኝ።

ጠረጴዛው ላይ ሁለት ሲኒ ሻይ ተቀድቷል። አጠገቡ የሆቴሉ ኩኪስ በወረቀት ላይ ተደርድሯል። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አንድ ቀን ሻይ ቀድቶልኝ አያውቅም። ሊሞት ሲል ጸባዩ አማረ አልኩ በሆዴ። ደስም አለኝ፣ ልደብቅ አልችልም። ቁጭ ብዬ አንዱን ሲኒ ጠጣሁት።

«ቀዝቅዟል» አልኩት። «ሲቀዱ በጊዜው ነው።»

ጫማውን አንሥቶ በሩን ዘጋና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኛ። ሕመሙ የተነሣበት መሰለኝ። እንዲያርፍ ብዬ «አትረብሹ» የሚለውን ካርድ በሩ ላይ ሰቀልኩ።

በማግሥቱ ክፍል የሚለቀቀው አራት ሰዓት ላይ ነው። ሊፍቱ ሻንጣ በያዘ ሰው ተጣቦ ወረድን። መቀበያው ጋ ሰልፍ ነበር። ተራችን ሲደርስ ደረቷ ላይ «ኦጋታ» የሚል ስም የለጠፈች ወጣት ሠራተኛ ቁልፉን ተቀብላኝ፣ ከጠረጴዛው ሥር የወረቀት ቦርሳ አወጣችና በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ።

«በጣም ይቅርታ፣ እንግዳችን። ትናንት ሊጠይቋችሁ የመጡት አቶ ኢጋራሺ ያሱኪ የተዉላችሁ ነው። አመሻሽ ላይ ላደርስ ወጥቼ ነበር፤ በሩ ላይ ካርድ ስለተሰቀለ ማስቸገር መሰለኝና ተመለስኩ።»

«ማን መጣ ነው ያልሽኝ?»

«ልጃችሁ መሆናቸውን ነግረውኛል። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። እኔ ራሴ ክፍላችሁ ደውዬ ‹ወደ ላይ ላሳልፋቸው?› ብዬ ባለቤትዎን ጠየቅሁ። ‹ሥራ አለው፣ እስከ ስምንተኛ ፎቅ ምን አደከመው፣ አይቸገር› አሉኝ። እኔም እንዳሉት ነገርኳቸው።»

«እሱስ?»

«‹ገባኝ› አሉ። እጅ ነሥተው ሄዱ።»

ዞሬ ቶኩጂን አየሁት። ሻንጣውን እንደ ምርኩዝ ተደግፎ ወለሉን ያያል። በዚያች ደቂቃ ነው ስሊፐሩም፣ በሩም፣ ሻዩም የገባኝ። ልጁ «አይ፣ ለደቂቃም ቢሆን ልግባ» ብሎ እስኪመጣ፣ ስሊፐሩን ለእሱ ትቶ ባዶ እግሩን ቆሞ ሲጠብቅ ኖሯል። የልጄን ሻይ ነው የጠጣሁት። ጠጥቼም ቀዘቀዘ ብዬ አጉረመረምኩ።

ቦርሳው ውስጥ አንድ ካርቶን ጣፋጭና አጭር ማስታወሻ ነበር። ጽሕፈቱን ከሩቅ አውቀዋለሁ። ያሱኪ የመኪና ጫኝ መርከብ መካኒክ ሆኗል። «መርከባችን ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ቺሊ ይነሣል። የምመለሰው በየካቲት ነው። እስከ አምስት ሰዓት ወደቡ መቆያ አዳራሽ ውስጥ ነኝ። እባካችሁ ልትሸኙኝ ብላችሁ አትቸገሩ።»

አትቸገሩ! ከእኔ ነው የተማረው። ኑ ማለቱ ነው፤ ከእኔ በላይ ማን ያውቀዋል?

ቶኩጂ መነጽሩን አድርጎ አነበበው። ጨርሶ እንደገና ከላይ ጀመረ። «ነገ» ያለው ዛሬን ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ፤ አራት ከአሥር ይላል። ኦጋታ ወረቀቱን ባታነብም ትናንት ከልጄ ስለ መርከቡ ሰምታ ኖሮ ነገሩን ያወቀች መሰለኝ፤ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ።

«ወደቡ በታክሲ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ልጥራላችሁ?»

ከኋላችን ስድስት ሰባት ሰው ሻንጣውን ይዞ ቆሟል። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። ቶኩጂን አየሁት፤ እሱም እኔን አየኝ። እሺ እንድል ይጠብቃል። እኔም እሺ እንዲል እጠብቃለሁ። በሆዴ ጥሪ፣ ቶሎ በይ እያልኩ አፌ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«አይ፣ ልጄ፣ አትቸገሪ።»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ሁለተኛ እስክትጠይቀኝ ጠበቅሁ። ሾናይ ውስጥ ውሻ እንኳ ሁለተኛ ይጠየቃል። ኦጋታ ግን ጥሩ ሠራተኛ ነበረች። «እሺ፣ እንደ ፈቃድዎ» ብላ ወገቧን አጥፋ እጅ ነሣችና ዓይኗን ወደሚቀጥለው እንግዳ መለሰች። ቶኩጂ «ሰው እየጠበቀ ነው» ብሎ ሻንጣውን ገፋ። እኔም ተከተልኩት። በገዛ እግሬ!

ወደ ቤት የሚወስደን ባቡር ውስጥ ገብተን ተቀመጥን። ጣፋጩ ጭኔ ላይ ነው። ስድስት ሰዓት ሲሞላ ቶኩጂ የእጅ ሰዓቱን አየና እጅጌውን ወደ ታች ሳበ።

«ለምን ይግባ አላልካትም?» አልኩት።

«አንዴ ነው የጠየቀችኝ» አለ።

እኔስ ምን አፍ አለኝና እቆጣዋለሁ?

ቤት ከገባን በኋላ ለያሱኪ ልጽፍለት ስነሣ «ባሕር ላይ ያለን ሰው ምን ታስጨንቂዋለሽ» አለኝ። ተውኩት። አሁን ሳስበው በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ የያዘብኝን ብዕር በጥርሴም ቢሆን ማስጣል ነበረብኝ። ያን ጊዜ ግን የታመመን ሰው ቃል መንቀፍ ከበደኝ። ቶኩጂ በጥቅምት ማብቂያ ሞተ። በረዶው የጣለው ከቀብሩ በሦስተኛው ሳምንት ነው። መርከቡ ላይ መልእክት አስደረስኩ፤ ያሱኪ ውቅያኖስ መሀል ስለነበር ሊመጣ አልቻለም።

የመጣው በየካቲት ነው። ትከሻው ላይ በረዶ ይዞ፣ በሩ ላይ ቆመ። ጠጉሩ ሸብቷል። የአባቱን ፊት ነው የያዘው።

«እማዬ፣ እዚሁ ልቁም። አላስቸግርሽ» አለኝ።

«ግባ» አልኩት።

«አይ፣ ጫማዬ ርሷል።»

«ግባ» አልኩት።

«አባባ አትርገጥ ብሎኛል።»

«ያሱኪ፣ ግባ» አልኩት።

ጫማውን አወለቀ። አባቱ በእጁ በመጨረሻ በሰፋው ታታሚ ላይ፣ ጠርዙን አንድም ጊዜ ሳይረግጥ ተራምዶ የአባቱ ፎቶ ፊት ተንበረከከ። ሻይ ቀዳሁ፤ አንዱን ለፎቶው፣ አንዱን ለእሱ።

«ያን ቀን ለምን አልፈለገኝም?» አለ፣ ሳይዞር።

በሩን ከፍቶ፣ በባዶ እግሩ ቆሞ ሲጠብቅህ ነበር አልኩት። ስሊፐሩን ነገርኩት። ሻዩን እኔ እንደጠጣሁትም ነገርኩት።

«ታዲያ ለምን አይግባ አለ?»

«አንዴ ስለተጠየቀ ነው» አልኩት። «አንተስ? አንተም አንዴ ነው የጠየቅኸው።»

ግንባሩን ታታሚው ላይ ደፋ። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አልተነሣም።