በነዋሪዎች ጥያቄ መሠረት

በከተማው ውስጥ ስሟን የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው፤ ሁሉም "እትዬ ጡሩንባ" ነው የሚላት። ስድብ አይደለም። የማዘጋጃ ቤቱን ማስታወቂያ የምታነበው እሷ ነበረች። ጣሪያው ላይ ድምፅ ማጉያ የታሰረበት አሮጌ ፒክአፕ ውስጥ ከሾፌሩ ጎን ትቀመጥና፣ ማይኩን አፏ ላይ ደቅና፣ ከላይ ሰፈር እስከ ወንዝ ዳር ድረስ ከተማውን ታዳርሳለች። ውኃ የሚቋረጥበትን ቀን፣ የልጆች ክትባት የሚሰጥበትን ቦታ፣ የጠፋ ቁልፍ፣ የተገኘ በግ፣ የቆሻሻ መኪና የሚያልፍበትን ሰዓት ሰው የሚሰማው ከእሷ አፍ ነው።

ሰው የሚወዳት ግን በድምፅዋ ብቻ አልነበረም። የቢሮ አማርኛ አይዋጥላትም። "በመስመር ጥገና ምክንያት የውኃ አቅርቦት መስተጓጎል ሊያጋጥም ስለሚችል" የሚለውን እንደተጻፈ አንብባ ስትጨርስ፣ ትንፋሽ ወስዳ "ነገ ውኃ የለም፤ ዛሬ ጄሪካናችሁን ሙሉ" ትላለች። አለቆቿ መጀመሪያ ሰሞን ተቆጥተው ነበር። በኋላ ግን ሰው ለክትባቱም ለስብሰባውም በሰዓቱ የሚመጣው በዚህችው ጭማሪዋ መሆኑን ሲያዩ ተዉአት።

ማስታወቂያውን ጽፎ የሚሰጣት የኮሙኒኬሽን ኃላፊው ነው፤ ኃላፊው ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ነው። ወንድሟ ይባል እንጂ ያሳደገችው እሷ ናት። እናታቸው እሱን እንደወለደች ስለሞተች፣ ራሷ ገና ልጅ ሳለች በጀርባዋ አዝላ ለወግ ለማዕረግ አበቃችው። ቢሮ ውስጥ ሰው ፊት "ኃላፊ" ትለዋለች፤ ቤት ሲገባ "አንተ ልጅ" ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ወረቀቱን ሲሰጣት ዓይን ዓይኗን ማየት አቃተው። ቆማ አነበበችው። "በነዋሪዎች ጥያቄ መሠረት፣ በከተማችን ጤና ጣቢያ ሲሰጥ የነበረው የማዋለድ አገልግሎት ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ተቋርጦ ክፍሉ ለአስተዳደር ሥራ የሚውል መሆኑን፣ እናቶችም በአጎራባች ከተማ በሚገኘው ሆስፒታል እንዲገለገሉ እናሳውቃለን" ይላል።

መልሳ አነበበችው። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ይህን የጠየቀው ነዋሪ ማን እንደሆነ ጠየቀችው። ወንድሟ አጻጻፉ የተለመደ መሆኑን፣ የነዋሪው ፍላጎት ካልተጠቀሰበት በላይ ያለው መሥሪያ ቤት እንደማያጸድቀው፣ ቃሉንም ያስገቡት ከንቲባው ራሳቸው መሆናቸውን ነገራት። ነገሩ የቢሮ ጥበት ነው። ከንቲባው አዳዲስ ምክትሎች ተሹመውላቸው የሚያስቀምጡበት አጥተዋል። ሆስፒታሉ ደግሞ ሩቅ ነው፤ መንገዱም ዝናብ ሲጥል እንኳን ለነፍሰ ጡር ለትራክተርም አይመች። ይህን ወንድሟም አያጣውም።

"የወሰናችሁት እናንተ ናችሁ፤ 'ወስነናል' በሉና አነበዋለሁ" አለችው። "ያልጠየቀውን ሰው ግን ጠየቅህ ብዬ በገዛ ደጁ አልዋሽበትም።"

ወንድሟ ወደ ከንቲባው ቢሮ ወጣ። ሲመለስ ላብ አጥምቆታል። ከወረቀቱ ላይ አንዲት ቃል እንደማትነካ፣ እሷ እምቢ ካለችም ሌላ ሰው እንደሚያነበው ነገራት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እቴቴ፣ ዛሬን ብቻ" ብሎ ለመናት። ትንሽ አሰበችና ወረቀቱን አጥፋ ያዘች። ቃል ሳትጨምር ቃል ሳትቀንስ እንደምታነበው ቃል ገባችለት። እሱም እፎይ አለ። ቃል የገባችው ስለ ወረቀቱ እንጂ ከወረቀቱ በኋላ ስለሚመጣው አለመሆኑ የገባው፣ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የቆሙት ገበያው መግቢያ ላይ ነበር። ማስታወቂያውን ከላይ እስከ ታች፣ አንድ ፊደል ሳታጎድል አነበበች። ከዚያ ትንፋሽ ወሰደች። ሰው ጭማሪዋን መጠበቅ ስለለመደ የያዘውን ትቶ ጆሮውን ሰጣት።

"የማዋለጃ ክፍሉ ይዘጋልን ብላችሁ የጠየቃችሁ ነዋሪዎች ካላችሁ" አለች፣ "እስቲ ወደ መኪናው ቀረብ በሉ። ልያችሁ።"

 ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ጠየቁ የተባሉት ሰዎች መጠየቃቸውን ገና መስማታቸው ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ግማሽ ጢሙ የተላጨ ደንበኛውን አስከትሎ ብቅ አለ፤ እሱ አልጠየቀም፣ ደንበኛውም አልጠየቀም። ጫማ ሰፊው ከመቀመጫው ሳይነሳ፣ እሱ ሲጠይቅ የኖረው የመንገድ መብራት መሆኑን፣ ምናልባት ሰሚዎቹ መብራቱን ከአልጋ አምታተውት እንደሆነ ተናገረ። ሰው ሳቀ። ያልሳቀችው ልብስ ሰፊዋ ብቻ ናት። መውለጃዋ ተቃርቧል፤ ሆዷ ከስፌት መኪናው አላስጠጋ ብሏት ክንዷን ዘርግታ ነው የምትሰፋው። ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጣችና በመኪናው መስኮት በኩል እውነት መሆኑን ጠየቀቻት።

"መዝጋታቸው እውነት ነው" አለቻት እትዬ ጡሩንባ። "መጠየቅሽን ግን የምታውቂው አንቺ ነሽ።"

ሾፌሩ ዝም አይነቅዝም የሚል ሰው ነው። ያን ያህል ዘመን አብረው ሲዞሩ ከሰላምታ አልፎ ያወራበት ቀን ቢፈለግ አይገኝም። ያን ቀንም አልተናገረም። ግን ሌላ ጊዜ በሩጫ የሚያልፋቸውን ቅያሶች ሁሉ በዝግታ ገባባቸው፤ ሰው ሰብሰብ ብሎ ባየበት ቦታም ሳይነገረው ቆመ። ስልኩ ደጋግሞ ጮኸ። አውጥቶ የደወለውን ሰው አየና ቀስ ብሎ መቀመጫው ሥር ወሸቀው።

በየሰፈሩ አነበበች፤ በየሰፈሩ ጠየቀች። የጠየቀ ሰው ግን ጠፋ። ወንዝ ዳር ሲደርሱ ከኋላቸው የሚከተለው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶት ነበር።

ማዘጋጃ ቤት ሲመለሱ ዘበኛው ማይኩን እንዲቀበላት ታዝዞ በር ላይ ይጠብቃታል። አንገቱን ደፍቶ እጁን ዘረጋ፤ እሷም ገመዱን በወጉ ጠቅልላ ሰጠችው። ከንቲባው ቢሮ ስትገባ ወንድሟ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከንቲባው በዕድሜ ስለምትበልጣቸው አንቱታውን አልተዉም፤ ንዴታቸው ግን ከንፈራቸው ላይ ይታያል።

"እርስዎ አንባቢ ነዎት" አሏት። "ጠያቂ አይደሉም።"

"ነዋሪ ጠየቀ ብላችሁ አይደል ያስነበባችሁኝ?" አለቻቸው። "ይኸው፣ ነዋሪ ጠየቀ። መልሱልኝ።"

 ከሥራ መታገዷን ነግረው እንድትወጣ በእጃቸው አመለከቷት። ወንድሟ ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር፤ መልሶ ዘጋው። እሷም ይህን አየች። ወደ ቤቷ ስትሄድ ከከንቲባው ቃል ሁሉ ይልቅ ያቃጠላት ያ ተከፍቶ የተዘጋው አፍ ነበር።

ሰኞ ማለዳ አልጋዎቹን የሚያወጡ ሠራተኞች ጤና ጣቢያው ሲደርሱ አልጋዎቹ ባዶ አልነበሩም። ልብስ ሰፊዋ አንዱ ላይ ጋደም ብላለች። ምጥ አልያዛትም፤ የደንበኛ ቀሚስ ይዛ መጥታ ጠርዙን በእጇ ትዘመዝማለች። በሌላው አልጋ ላይ ነፍሰ ጡሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ኮሪደሩ በእናቶች፣ በአክስቶችና በአማቶች ተጨናንቋል። ሁሉም "ሲስተር" የሚላት አዋላጅ ነርስ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ የአንዷን የደም ግፊት ለክታ ወደ ሌላዋ ታልፋለች።

የሠራተኞቹ አለቃ ክፍሉን ባዶ እንዲያደርግ ታዝዞ መምጣቱን ነገራት። ሲስተር ቀና ብላ እንኳ አላየችውም። ነፍሰ ጡር ከአልጋ ማውረድ ከፈለገ ራሱ በእጁ እንዲያወርድ፣ ከዚያ በፊት ግን እጁን በሳሙና እንዲታጠብ ነገረችው። ሰውየው ሴቶቹን አየ፤ ከዚያ አማቶቹን አየ። ከአማቶቹ አንዷ የራሱ ሚስት እናት ነበሩ። እሳቸውም ትክ ብለው ተመለከቱት። ባርኔጣውን አውልቆ እጅ ነሳቸውና ወጥቶ ሠራተኞቹን ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጣቸው። እስከ ማታ እዚያው ዋሉ፤ ማንም ተነሱ አላላቸውም፣ እነሱም እንሂድ አላሉም።

እትዬ ጡሩንባ በሩ ላይ ነበረች። ማይክ የላትም። ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ በባዶ አፏ፣ ክፍሉ እንዳልተዘጋ፣ ሲስተር ሥራ ላይ እንደሆነች፣ መቀመጥ የሚፈልግ ገብቶ መቀመጥ እንደሚችል ስትለፍፍ ዋለች። ከሰዓት በኋላ ድምፅዋ ሻክሮ አልሰማ አለ። አንድ ጋሪ ገፊ ጡሩንባዋ መዛጓን ሲቀልድባት፣ እንግዲያውስ አንተ ንገርልኝ አለችው። እሱም ጋሪውን እየገፋ፣ ያለችውን ቃል በቃል እየጮኸ ወደ ገበያው ወረደ። በነጋታው ወተት አመላላሾቹ፣ ጋዜጣ ሻጩ፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሁሉ ወሬውን ከእሷ ተቀብለው በየሄዱበት ያደርሱላት ጀመር። ከንቲባው የወሰዱት አንድ ማይክ ነው፤ ከተማው ግን አፍ በአፍ ሆነ።

እንዲህ ሲሰነብቱ፣ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ወንድሟ ቤቷ መጣ። ሲቆም የዋለ እግሯን ሙቅ ውኃ ውስጥ ዘፍዝፋ ተቀምጣለች። ዱካ ስቦ ከጎኗ ተቀመጠ። ከንቲባው አዲስ ማስታወቂያ እንዲጽፍ አዘውታል፤ የቀድሞዋ አንባቢ ሕዝብ ለማሳሳት ከራሷ ፈጥራ እንደተናገረች፣ ማዘጋጃ ቤቱም በሕግ እንደሚጠይቃት የሚገልጽ። ቀኑን ሙሉ ባዶ ወረቀት ሲያይ መዋሉን ነገራት። 

"ስለ እናታችን አንድ ቃል አላነሳሽብኝም" አላት በመጨረሻ።

እናታቸው የሞተችው ወደዚያው ሆስፒታል ስትወሰድ መንገድ ላይ ነው። ያኔ በከተማው ማዋለጃ የሚባል አልነበረም። የጫኗት ጋሪ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ሰዎቹ ሲገፉ፣ እሷ የእናቷን እጅ ይዛ ነበር። ሕፃኑን በኮት ጠቅልለው ያስታቀፉትም እሷን ነው። ይህን ሁሉ የነገረችው ካደገ በኋላ አንዴ ነው፤ ዳግመኛ አላነሳችውም።

"እሷን ባነሳብህ ለእኔ ብለህ ትተወው ነበር" አለችው። "እኔ የምፈልገው ውሸት ስለሆነ እንድትተወው ነው።"

 ተነስቶ ምድጃው ላይ ካለው ድስት ሙቅ ውኃ ጨለፈና እግሯ ላይ ጨመረላት። ደህና እደሪ ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ከንቲባው ዘንድ ገባ። ሰበብ አልደረደረም። ውሸት መሆኑንና እንደማይጽፈው ነግሯቸው ወጣ። ጸሐፊዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ስለነበር ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ከተማው ሰማ። ያን ቀን ጤና ጣቢያው ግቢ የመጣው ሰው ከቀኖቹ ሁሉ በለጠ፤ ወንዶቹም መጡ። ወሬው ከተማውን አልፎ በላይ ያለው መሥሪያ ቤት ደረሰ፤ ከዚያም አንዲት ኃላፊ ነገሩን እንዲያጣሩ ተላኩ።

ኃላፊዋ መነጽራቸው አፍንጫቸው ላይ የወረደ፣ ነገር ማስረዘም የማይወዱ ሴት ነበሩ። ሕዝቡን አዳራሽ ሰብስበው፣ የከንቲባውን ረጅም ማብራሪያ አድምጠው ሲያበቁ፣ ክፍሉ እንዲዘጋ የጠየቀ ሰው ካለ እጁን እንዲያወጣ ጠየቁ።  ከኋላ በኩል አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ፤ ከንቲባውም ፊታቸው በራ። ሽማግሌው ሙቀቱ ስለበዛ መስኮት እንዲከፈትላቸው ነበር።

ሳቁ ጋብ ሲል ኃላፊዋ መስኮቱን አስከፈቱና የማዋለጃው ክፍል ባለበት እንደሚቀጥል ተናገሩ። ሴቶቹ እልል አላሉም። ተነስተው ወደ ጤና ጣቢያው ተመለሱ፤ አልጋዎቹን በዓይናቸው ካላዩ የማንንም ቃል አናምንም ብለው።

ልብስ ሰፊዋ ብዙም ሳትቆይ እዚያው ወለደች፤ ሴት ልጅ ናት። ያን ሰሞን ከባድ ዝናብ ወርዶ የሆስፒታሉ መንገድ በጎርፍ ተቆርጦ ነበር። ከንቲባው ዛሬም ከንቲባ ናቸው፤ ምክትሎቻቸው አንድ ክፍል ውስጥ ተፋፍገው ይሠራሉ። ወንድሟ ወደ ቄራው ቁጥጥር ተዛወረ። ማታ ማታ የቄራውን ሽታ ይዞ ቤቷ ሲመጣ በር ላይ ጫማውን እንዲያወልቅ ትጮህበታለች፤ ተኝቶ ማደር የጀመረው ግን ከተዛወረ ወዲህ መሆኑን ራሱ ነግሯታል። እሷን ወደ ሥራዋ አልመለሷትም። አሁን ከፒክአፑ የሚሰማው የተቀረጸ የሴት ድምፅ ነው፤ ድምፁ ያምራል፣ ውኃ መቼ እንደሚቋረጥ ግን ብዙ ሰው አይገባውም።

ባለፈው የማዘጋጃ ቤት ስብሰባ ላይ ከፊት ተቀምጣ ነበር። ሰብሳቢው ሪፖርቱን አንብቦ ጨረሰና፣ እሷ ወዳለችበት እንዳያይ እየተጠነቀቀ፣ ጥያቄ ከሌለ ስብሰባውን እንደሚዘጋ ተናገረ። ተነሳች። ማይክ ሊያቀብሏት ሲያመነቱ እንደማያስፈልጋት ነገረቻቸው።

"የገበያው ሽንት ቤት ከተመረቀ ጀምሮ እንደተቆለፈ ነው" አለች። "ቁልፉ ማን ጋ ነው?"

ሰብሳቢው በሚቀጥለው ስብሰባ መልስ እንደሚሰጥበት ነገራት። እሷም አልተቀመጠችም።